ስለ ፊትና ስለ አንገት የጥገና ቀዶ ሕክምና፤ በተለይም እሳት ስለ ጐዳቸው ልጆች

ፊትና አንገት ልብስ የማይሸፍናቸው የሰውነት ክፍሎች ናቸው። እጁ የተጐዳ ሰው እጁን በጋቢው ውስጥ ያገባዋል፤ ጀርባው የተቃጠለ ሰው ጠባሳውን የሚያውቁት እርሱና ቤተ ሰቦቹ ብቻ ናቸው። ፊቱ የተጐዳ ሰው ግን በገበያ፥ በትምህርት ቤት፥ በለቅሶና በሠርግ ጕዳቱን ይዞ ይቀርባል። ከዚህም ሌላ ፊት ለመልክ ብቻ የተሰጠ አይደለም። የዓይን ቈብ ካልተከደነ ዓይን ይደርቃል፥ ቈይቶም ይታወራል፤ ከንፈር ካልገጠመ ምራቅና ምግብ ይፈስሳል፥ ንግግርም ይበላሻል፤ አንገት ካልተቃና ሰው ቀና ብሎ መንገዱን ማየት አይችልም። ስለዚህ የፊትና የአንገት ቀዶ ሕክምና የባለጠጎች ቅንጦት ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ተሳስተዋል።

በዚህ ወር የምናቀርበው ትምህርት በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን ተለይቶ የተዘጋጀ ነው። እነዚህ ሦስት ከተሞች አዲስ አበባን በደቡብ ምዕራብ፥ በምዕራብና በሰሜን በኩል የሚያዋስኑ ሲሆኑ፥ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ክፍለ ከተሞች ሆነዋል። ለትልልቆቹ ሐኪም ቤቶች ቅርብ መሆናቸው መልካም ዕድል ነው። ነገር ግን ቅርብ መሆን ብቻውን አይበቃም። ከሐኪም ቤት ብዙ ሳይርቅ የሚኖር ሕፃን፥ ወላጆቹ ሕክምና መኖሩን ባለማወቃቸው ምክንያት አገጩ ከደረቱ ጋር እስኪያያዝ ድረስ በቤት ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል።

የሕክምናው ስም የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ስለ ሆነ፥ አንዳንድ ሰው ላስቲክ የሚመስል ዕቃ በሥጋው ውስጥ የሚከተትበት ይመስለዋል። ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጕሙ መቅረጽ ማለት ነው፤ ሸክላ ሠሪ ጭቃውን እንደምታበጀው፥ ቀዶ ሐኪሙም የበሽተኛውን የራሱን ቈዳ፥ ሥጋና አጥንት ያበጃል። ሥራውም በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በቃጠሎ፥ በአደጋ፥ በደዌ ወይም ከመወለድ ጀምሮ የጐደለውን የሚጠግን ሲሆን፥ ሁለተኛው ጤናማ የሆነውን መልክ ለማሳመር የሚደረግ ነው። ሁለቱን የሚሠሩት ብዙ ጊዜ አንድ ዐይነት ሐኪሞች ናቸው፤ የሚጠቀሙበትም ጥበብ አንድ ነው።

ጥበቡ አዲስ አይደለም። በጥንት ዘመን በሕንድ አገር፥ ሱሽሩታ በተባለው ሐኪም ስም በሚጠራው መጽሐፍ፥ አፍንጫው የተቈረጠ ሰው ከጕንጩ በተወሰደ ቈዳ አፍንጫ እንደሚበጅለት ተጽፏል። በኢጣልያም ጋስፓሬ ታሊያኮትሲ የተባለው የቦሎኛ ሐኪም ከክንድ በተወሰደ ቈዳ አፍንጫን ስለ መሥራት እ.ኤ.አ. በ1597 መጽሐፍ አሳተመ። የዛሬው መልክ የወጣለት ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በኒው ዚላንድ የተወለደው ሃሮልድ ጊሊስ እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በሲድከፕ በተከፈተው ሐኪም ቤት፥ ጥይትና ፍንጣሪ ፊታቸውን ያጠፋባቸውን ብዙ ወታደሮች ጠገነ። በዚያ ሐኪም ቤት በብዙዎቹ ክፍሎች መስተዋት እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። በከተማውም አንዳንድ የመንገድ አግዳሚ ወንበሮች ሰማያዊ ቀለም ተቀብተው ነበር፤ ይኸውም በዚያ የሚቀመጡት ፊታቸው የተጐዳ ወታደሮች መሆናቸውን አላፊ አግዳሚው አስቀድሞ እንዲያውቅና እንዳይደነግጥ ነው። የሐኪሞቹን ጥበብ እናደንቃለን፤ ስለ ወንበሮቹ ግን፥ ከቍስሉ ይልቅ የሰው ዐይን እንዴት እንደሚከብድ ያስረዱናልና አንባቢ ልብ እንዲለው እንፈልጋለን።

አሁን ወደ አገራችን ነገር እንመለስ። በሦስቱ ከተሞች ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት ይኖራል። በዚያው ክፍል ወጥ ይሠራል፥ ቡና ይፈላል፥ ልጅም ይድሃል። ምድጃው በመሬት ላይ ስለ ሆነ፥ የከሰሉ እሳት፥ ጀበናውና ድስቱ ከሕፃኑ ፊት ጋር ትክክል ናቸው። በሱሉልታ ደግሞ ብርዱ ብርቱ በመሆኑ ቤተ ሰቡ ሁሉ ምድጃውን ከብቦ ያመሻል። ሕፃኑ የድስቱን እጀታ ወይም የኤሌክትሪክ ምድጃውን ገመድ ሲስብ፥ የፈላው ነገር በመጀመሪያ የሚያርፈው በአገጩ፥ በአንገቱና በደረቱ ላይ ነው። የሽሮ ወጥና ገንፎ ከውሃ ይልቅ ይከፋሉ፤ ውሃ ፈስሶ ሲወርድ እነርሱ ግን በቈዳው ላይ ተጣብቀው ሙቀታቸውን ይዘው ይቈያሉና።

ከሕፃናት ቀጥሎ ለዚህ አደጋ የተጋለጡት የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ናቸው። በሽታው በምድጃ አጠገብ ሲጥላቸው ፊታቸው በእሳቱ ላይ ይወድቃል። በዚያን ጊዜ በአጠገባቸው ያለው ሰው በሽታው ይተላለፍብኛል ብሎ ሳይነካቸው ከቈመ፥ ቃጠሎው ከቈዳ አልፎ እስከ አጥንት ይደርሳል። የሚጥል በሽታ በመንካት አይተላለፍም። በምራቅም ቢሆን አይተላለፍም። የወደቀውን ሰው ወዲያውኑ ከእሳቱ መሳብ ይገባል። በሽታውንም የሚያስታግሥ መድኃኒት በጤና ጣቢያ ስለሚገኝ፥ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መውሰድና ብቻን ሆኖ በክፍት እሳት አጠገብ አለመሥራት ፊትን ከእሳት ያድናል።

ቃጠሎ እንደ ደረሰ መደረግ ያለበት ቀላል ነው። የተቃጠለውን ሰው ከእሳቱ ማራቅ፥ ልብሱንና ጌጡን ማውለቅ፥ ከቈዳው ጋር የተጣበቀ ልብስ ካለ ግን ሳይጐትቱ መተው፥ ከዚያም በተቃጠለው ስፍራ ላይ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ነው። አደጋው ከደረሰ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይህ ማቀዝቀዝ ይጠቅማል፤ ቃጠሎው ወደ ውስጥ እንዳይጠልቅ ያደርጋልና። በረዶ ግን አይደረግበትም። ሕፃን ቶሎ ስለሚበርደው የቀረው ሰውነቱ በብርድ ልብስ ይጠቅለል። ቅቤ፥ እንቁላል፥ ጭቃ፥ የቡና ዱቄትና የጥርስ ሳሙና በቍስሉ ላይ ማድረግ ሙቀቱን አምቆ ይይዛል፥ ተሕዋስያንንም ያስገባል፤ ሐኪሙም የቃጠሎውን ጥልቀት ለማወቅ አስቀድሞ ያንን መፋቅ ግድ ይሆንበታል። ከቀዘቀዘ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ልል አድርጎ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ፊቱ በተዘጋ ቤት ውስጥ የተቃጠለ፥ ድምፁ የሰለለ ወይም በአፍንጫው ውስጥ ጥላሸት የታየ ሰው ግን፥ የመተንፈሻው ቧንቧ ሊያብጥ ስለሚችል አንድ ሰዓት እንኳ ሊዘገይ አይገባውም።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ስለማይነገር ጥቂት እንቈይበት። አንገቱ የተቃጠለ ልጅ ሐኪም ቤት ታክሞ፥ ወይም ሳይታከም፥ በቤት ተኝቷል እንበል። ቍስሉ ሲዘረጋ ስለሚያመው ልጁ አንገቱን አቀርቅሮ መተኛት ይወዳል። አያቱም አዝና ለስላሳ ትራስ ታደርግለታለች። ትራሱ ምቾት ይሰጠዋል፤ ይሁን እንጂ አገጩን ወደ ደረቱ የሚያቀርበው ያው ትራስ ነው። ቍስል ሲድን እየጠበበና እየተኰማተረ ስለሚድን፥ አንገቱ በታጠፈበት እንደ ታጠፈ ይጠባበቃል። በጥቂት ወራት ውስጥ ጠባሳው እንደ ገመድ ይወጠራል፤ የታችኛው ከንፈር ወደ ታች ይገለበጣል፥ አፉ ሳይከደን ይቀራል፥ ምራቁም ይፈስሳል። ልጁ ገና በማደግ ላይ ከሆነ ጠባሳው የታችኛውን መንጋጋ እየጐተተ አጥንቱንና ጥርሱን ያጣምማል። ስለዚህ አንገቱ የፊት ለፊቱ የተቃጠለ በሽተኛ ከራሱ ሥር ትራስ አይደረግለትም። በትራስ ፈንታ ፎጣ ወይም ነጠላ ተጠቅልሎ ከትከሻውና ከትከሻው መካከል፥ ከጀርባው በታች ይደረጋል፤ በዚህም አንገቱ ተቃንቶ ይውላል፥ ያድራል። ሲያለቅስ ልብ ሊያራራ ይችላል፤ የዛሬው ልቅሶ ግን ከዓመት በኋላ ከሚመጣው ቀዶ ሕክምና ይሻላል።

በ3 ሳምንት ውስጥ ያልዳነ የቃጠሎ ቍስል ጥልቅ ነውና፥ ከፍ ያለ ወፍራም ጠባሳ ማውጣቱ አይቀርም። እንዲህ ያለውን ቍስል ራሱ እስኪደርቅ መጠበቅ ሳይሆን፥ ቈዳ ተክሎ ቶሎ መዝጋት ይሻላል። ቈዳ መትከል ሁለት ዐይነት ነው። ስስ ቈዳ፥ ብዙ ጊዜ ከጭን፥ በልዩ ቢላ ተልጦ ይወሰድና በቍስሉ ላይ ይለጠፋል፤ የተላጠውም ስፍራ በራሱ ይድናል። ይህ ሰፊ ቍስል ለመሸፈን ይረዳል፤ ነገር ግን ቈይቶ ይኰማተራል። ሙሉ ውፍረት ያለው ቈዳ ደግሞ ከአንገት አጥንት በላይ፥ ከጆሮ ጀርባ ወይም ከብሽሽት ተቈርጦ ይወሰድና የተወሰደበት ስፍራ በስፌት ይዘጋል። ይህኛው የሚያንሰው በስፋቱ ነው እንጂ መኰማተሩ ጥቂት ነው፥ ቀለሙም ለፊት ይስማማል። ስለዚህ ለዓይን ቈብና ለከንፈር የሚመረጠው እርሱ ነው።

ጠባሳው ከደነደነ በኋላ የመጣ በሽተኛም ተስፋው አልተቈረጠም። ጠባሳው እንደ ጠባብ ገመድ የተወጠረ እንደ ሆነ፥ ሐኪሙ በዜድ ፊደል ቅርጽ ይቈርጠውና ሁለቱን የሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያላቸውን የቈዳ ክንፎች ያለዋውጣቸዋል፤ በዚህም ከሌላ ስፍራ ቈዳ ሳይወሰድ ገመዱ ይረዝማል። ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ሲሆን ርዝመቱ በሒሳብ 75 ከመቶ ያህል ይጨምራል። አንገቱ በሙሉ የተያዘ እንደ ሆነ ግን ጠባሳው ተሰንጥቆ ይለቀቅና ክፍተቱ በቈዳ ተከላ ይሞላል፤ ወይም ከትከሻ፥ ከደረት ወይም ከጀርባ ቈዳና ሥጋ ከነደም ሥሩ ይዛወራል። በአንዳንድ በሽተኛ ከጤናማው ቈዳ በታች ጎማ መሳይ ከረጢት ተቀብሮ፥ በየሳምንቱ የጨው ውሃ እየተጨመረበት ቈዳው ቀስ በቀስ ይለጠጣል፤ የተረፈው ቈዳ ጠባሳውን ለመተካት ይውላል።

ሐኪሞች ጠባሳ እስኪበስል አንድ ዓመት ያህል መጠበቅን ይወዳሉ፤ ቀይና ጠንካራ የሆነው እየለዘበ ስለሚሄድ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮች አይጠበቁም። አንደኛው የዓይን ቈብ ተገልብጦ ዓይን አልከደን ሲል ነው፤ ያልተከደነ ዓይን የፊት ሽፋኑ ይቈስላል። በከተማው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለበት የሰበታ ሰው፥ የዓይን ብርሃን ሲጠፋ ምን እንደሚጠፋ ከሌላው ይበልጥ ያውቃል። ሁለተኛው አንገት ፈጽሞ ሲታሰር ነው። የታሰረ አንገት ያለው በሽተኛ ሲደነዝዝ፥ የማደንዘዣው ባለሙያ የመተንፈሻ ቧንቧ በጕሮሮው ለማስገባት እጅግ ይቸገራል፤ ይኸውም ሕይወትን የሚያሠጋ ነው። መዘግየት ቀዶ ሕክምናውን ከማክበድ አልፎ ማደንዘዣውንም ያከብደዋል።

ቃጠሎን ካነሣን ስለ ሌሎቹ ጕድለቶች ደግሞ እንናገር። ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ የሚወለድ ልጅ በዓለም ላይ ከ700 ልደቶች 1 ያህል ነው። የፅንሱ ከንፈር የሚገጥመው እርግዝናው ሁለት ወር ሳይሞላ ነው፤ እናቲቱ ማርገዝዋን እንኳ በቅጡ ሳታውቅ ነገሩ አልቋል። ስለዚህ የእናቲቱ ጥፋት፥ የእርግማን ፍሬ ወይም የጨረቃና የፀሐይ ግርዶሽ ውጤት አይደለም፤ ልጁንም ከእንግዳ መሸሸግ አይገባም። ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ጡት መሳብ ስለማይችል፥ ቀና ተደርጎ ተይዞ፥ የታለበ የእናቱ ወተት በማንኪያ ወይም በትንሽ ኩባያ ይሰጠዋል። ከንፈሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ ይሰፋል፤ ላንቃው ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይዘጋል፤ ይህም ልጁ መናገር ከመልመዱ በፊት እንዲሆን ነው። ክብደቱ ከ4 ኪሎ ተኩል በታች የሆነ ሕፃን ለማደንዘዣ ስለማይበቃ አስቀድሞ መመገብና መወፈር አለበት። ስማይል ትሬን የተባለው እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመ ድርጅት ይህ ቀዶ ሕክምና በአገራችን ሐኪም ቤቶች በነፃ እንዲሰጥ ይረዳል። አዋቂ ሆኖም ከንፈሩ ሳይሰፋ የቀረ ሰው ካለ ጊዜው አላለፈበትም።

ኖማ የተባለው ደዌ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። በምግብ እጦት የደከመ፥ ብዙ ጊዜም ኵፍኝ ወይም ሌላ ደዌ ያዳከመው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለ ሕፃን በድዱ ላይ ቍስል ይወጣበታል፤ አፉ ይሸታል፥ ጕንጩ ያብጣል፥ በጥቂት ቀናት ውስጥም ጕንጩ ጠቍሮ ይበጣጠሳል። ሳይታከም ቢቀር ከሚያዛቸው ሕፃናት 90 ከመቶ ያህሉን ይገድላል። በመጀመሪያው ቀን ቢደረስበት ግን ተሕዋስያንን በሚገድል መድኃኒት፥ በምግብና አፍን በማጽዳት ይድናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አግብቶታል። ከሞት የተረፉት ጕንጫቸውን፥ ከንፈራቸውን ወይም አፍንጫቸውን አጥተው፥ ብዙውን ጊዜም መንጋጋቸው ተቈልፎ ይኖራሉ። ፌሲንግ አፍሪካና ፕሮጀክት ሐረር የተባሉት የእንግሊዝ አገር ምግባረ ሠናይ ድርጅቶች እንዲህ ያሉትን ሰዎች ከገጠር እየፈለጉ ወደ አዲስ አበባ በማምጣት በቀዶ ሐኪሞች እንዲታከሙ ሲያደርጉ ቈይተዋል፤ ከእነዚያም መካከል ጅብ ፊታቸውን የነከሳቸው ሰዎች ነበሩ። ወላጅ በየቀኑ የልጁን አፍ ከፍቶ ድዱን ቢመለከት ይህን ደዌ ከቤቱ ደጃፍ ይመልሰዋል።

የሥጋ ደዌ ዛሬ በጥምር መድኃኒት ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይድናል። ቀድሞ ዘግይተው የታከሙ ሰዎች ግን ቅንድባቸው ረግፎ፥ አፍንጫቸው ሠርጎ ወይም የዓይናቸው ቈብ አልከደን ብሎ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1965 በዘነበወርቅ የተቋቋመው አለርት በዚህ ጥገና የታወቀ ነው። ለዓይኑ ቈብ፥ በሰሌን አጥንት በኩል ያለው የማኘኪያ ጡንቻ ጥቂት ክር ተላልፎ ይሰፋለታል፤ በሽተኛውም ጥርሱን ሲነክስ ዓይኑ ይከደናል። ለቅንድቡ ጠጕር ካለው የራስ ቈዳ ተወስዶ ይተከላል፤ እርሱም እንደ ራስ ጠጕር ስለሚያድግ በየጊዜው በመቀስ መከርከም አለበት።

እንቅርት በአንገት ላይ ቢወጣም የመጀመሪያ መድኃኒቱ በወጥ ቤት ነው፤ አዮዲን ያለበት ጨው መጠቀም ይገባል። በአገራችን ለምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት እ.ኤ.አ. በ2011 በደንብ ተወስኗል። ጨው በክዳን ዕቃ፥ ከእርጥበትና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ፤ ወጡም ሲወጣ ይጨመር። ያረጀ ትልቅ እንቅርት ግን በጨው አይጠፋም፤ ትንፋሽ ወይም መዋጥ ከከለከለ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ሐኪሙ ድምፅን የሚያዝዘው ነርቭ እንዳይነካ ብርቱ ጥንቃቄ ማድረግ ስላለበት፥ ይህን በሐኪም ቤት እንጂ በሌላ ስፍራ ማስወጣት አይሞከርም።

አሁን ስለ ማሳመሪያው እንናገር። መልክን ማሳመር ነውር ነው አንልም። እናቶቻችንና አያቶቻችን አንገታቸውን በመርፌና በጥላሸት ሲነቀሱ ለውበት ብለው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ልጆቻቸው ያንኑ ንቅሳት ለማጥፋት ሐኪም ይፈልጋሉ። ንቅሳት የሚጠፋው በሌዘር ብርሃን ነው። ብርሃኑ ቀለሙን ይሰባብረውና ሰውነት ራሱ ጠርጎ ያወጣዋል። ጥቍር ቀለም ከሌላው ይልቅ በቀላሉ ይሰበራል፤ ሆኖም በየጥቂት ሳምንቱ ብዙ ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል። ለጥቍር ቈዳ የማይስማማ መሣሪያ ከተጠቀሙ ነጭ ወይም ጥቍር ምልክት ይተዋል። በሚያቃጥል መድኃኒት ንቅሳትን መላጥ ግን የቀለሙን መስመር በጠባሳ መስመር መለወጥ ብቻ ነው።

የፊትን ቈዳ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስቦ መሸብሸብን የሚያጠፋ፥ የአንገትን ልል ቈዳ የሚያጠብቅ፥ የተንጠለጠለ የዓይን ቈብ የሚያነሣ፥ የአፍንጫን ቅርጽ የሚለውጥ ቀዶ ሕክምና አለ። ስፌቱ በጆሮ ፊትና ኋላ ወይም በጠጕር ውስጥ ይሸሸጋል። እርጅናን ግን አያስቆምም፤ ሰውየው ከዚያ በኋላም እንደማንኛውም ሰው ያረጃል። በመርፌ የሚወጋ ቦቱሊነም የተባለው መድኃኒት ጡንቻን አስንፎ የግንባርን መሥመር ያጠፋል፤ ከ3 እስከ 4 ወር ቈይቶ ይለቅቃል። ቦታ ለመሙላት የሚወጋው ሌላው መድኃኒት በስሕተት ወደ ደም ሥር ከገባ ቈዳን ሊገድል፥ አልፎ አልፎም ዓይንን ሊያሳውር ስለሚችል፥ በጠጕር ሥራ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚወጋ ነገር አይደለም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የቈዳው ደም ሥር ስለሚጠብብ፥ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢያንስ 4 ሳምንት ማቆም አለበት። ቈዳን የሚያነጡ ቅባቶችም በውስጣቸው ሜርኩሪ ወይም ብርቱ ስቴሮይድ ያለባቸው ስለሚገኙ ቈዳን ያሳሳሉ።

ከሁሉም በላይ ግን የአገራችን ሰው ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ኬሎይድ ነው። ጥቍር ቈዳ ያለው ሰው ሲቈረጥ፥ አንዳንድ ጊዜ ጠባሳው ከቍስሉ ወሰን አልፎ ሥጋ እያበቀለ ያድጋል። የጆሮ ጫፍ፥ መንጋጋና አንገት ከደረትና ከትከሻ ጋር ይህ የሚበዛባቸው ስፍራዎች ናቸው። ጆሮዋን ስትበሳ እንዲህ ያበቀለባት ሴት፥ ለመልክ ብላ አንገቷን ከማስቈረጧ በፊት ደግማ ደጋግማ ታስብ። ኬሎይድን ቈርጦ መጣል ብቻውን አይበቃም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተመልሶ፥ አንዳንዴም ከቀድሞው በልጦ ይመጣል። ስለዚህ በውስጡ ስቴሮይድ መወጋት፥ በመጫኛ ማጥበቅና አስፈላጊ ሲሆን በጨረር መርዳት አብሮ ይደረጋል። ይህን ሳይጠይቅ ለመቅደድ የሚቸኩል ሐኪም ቢያጋጥም፥ ተነሥቶ መሄድ ነው።

ወዴት ይኬዳል? መጀመሪያ በቀበሌው አቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ የሪፈር ወረቀት ይሰጣል። ከሱሉልታ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ የሚመጣ ሰው በስድስት ኪሎ የካቲት 12 ሐኪም ቤትን ያገኛል፤ የቃጠሎና የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ክፍል ያለውና ከአገሪቱ ሁሉ በሽተኞች የሚላኩበት ነው። ከቡራዩ በአስኮ በኩል የሚገባ ሰው የጳውሎስ ሐኪም ቤትን ያገኛል፤ አቤት የተባለው የቃጠሎና የድንገተኛ አደጋ ሐኪም ቤት በእርሱ ሥር ነው። ከሰበታ በዓለም ገናና በአየር ጤና አድርጎ የሚመጣው ደግሞ በመንገዱ አለርትን ያገኛል። የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂቶች ስለ ሆኑ ቀጠሮ ሊረዝም ይችላል፤ ስለዚህ ጠባሳው እስኪበስል በሚጠበቅበት ጊዜ ውስጥ ሆኖ ወረፋ መያዝ ብልኅነት ነው።

ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ የአንገት መደገፊያ ይታዘዛል። የተተከለው ቈዳ እንዳይኰማተር፥ መደገፊያው ቢያንስ ለ6 ወር፥ ብዙ ጊዜም እስከ 1 ዓመት፥ ከመታጠብና ከመመገብ ጊዜ በቀር ቀንና ሌሊት ይታሰራል። ልጅ በየወሩ ስለሚያድግ መደገፊያው ይጠብበዋል። ወደ ቀጠሮ ስትመጡ የሪፈር ወረቀቱን፥ የጤና መድኅን ካርዱን፥ ልጁ ከመቃጠሉ በፊት የተነሣው ፎቶግራፍ ካለ እርሱንና መደገፊያውን ይዛችሁ ኑ። መደገፊያው ቢቈሽሽም፥ ማሰሪያው ቢበጠስም አትጣሉት፤ ሐኪሙ የተበላበትን ስፍራ አይቶ አንገቱ ወደ የት እንደሚስብ ያውቅበታል።